ስድስት ቀን በቦዦሌ፦ ከጳጉሜ እስከ እንቁጣጣሽ

አርብ፣ ጳጉሜ 1

ከፓሪስ እስከ ሊዮን በፈጣኑ ባቡር ሁለት ሰዓት ያህል ነው። ሙሉውን መንገድ ተኛሁ። ስነቃ ወንድሜ ጣቢያው ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። አራት ዓመት አልተያየንም። መጀመሪያ ተቃቅፈን አለቀስን፤ ሰላምታው ከዚያ በኋላ ነው የመጣው።

ለምን እንደመጣሁ ልንገራችሁ። ወንድሜ ፈረንሳይ ሲገባ የመጀመሪያ ሥራው ወይን ለቀማ ነበር። ከሊዮን በስተሰሜን ቦዦሌ የሚባል ኮረብታማ አገር አለ። እዚያ አንድ ቤተሰብ ለሁለት ሳምንት ቀጠረው። ቋንቋውን አያውቅም፣ ብርዱን አልለመደም። እነሱ ግን ከገዛ ማዕዳቸው አስቀምጠው አበሉት። ዛሬ ሊዮን ውስጥ ቋሚ ሥራ አለው። ሆኖም በየዓመቱ የእረፍት ፈቃዱን አጠራቅሞ ለለቀማ ወደዚያው ቤት ይሄዳል። "እትዬ፣ አንዴ መጥተሽ እያቸው" እያለ ስንት ዓመት ለመነኝ።

ሌላም ምክንያት ነበረኝ። እናታችን ደብረ ማርቆስ ጠጅ እየጣለች ነው ያሳደገችን። ጋን በወይራ ሲታጠን፣ ጌሾ ሲወቀጥ፣ ማር ሲበረዝ እያየሁ ነው ያደግኩት። በመጠጥ ሥራ የሚተዳደር ቤተሰብ በሌላ አገር እንዴት እንደሚኖር ማየት ፈለግሁ።

ማታ ቡሾን ከሚባሉት የሊዮን ትንንሽ ምግብ ቤቶች አንዱ ገባን። ጠረጴዛዎቹ ተጠጋግተዋል፤ የጎረቤትህን ወሬ ሳትፈልግ ትሰማለህ። ወይን ጠጁ የመጣው ታቹ ወፍራም በሆነ ጠርሙስ ነው። "ፖ" ይሉታል። 46 ሳንቲ ሊትር ይይዛል። የሊዮን ሰዎች "ከተማችን ሦስት ወንዞች አሏት፦ ሮን፣ ሶን እና ቦዦሌ" ይላሉ። ሁለቱ የውሃ ናቸው።

ቀይ ወይን ጠጅ ቀዝቅዞ አይጠጣም ሲባል ነበር የምሰማው። ይሄ ግን ቀዝቀዝ ብሎ ቀረበ። ቀመስኩት። እንጆሪ እንጆሪ ይሸታል። ቀለል ያለ ነው። ቀይ ወይን ስጠጣ ሁልጊዜ የሚያስቸግረኝ፣ እንዳልበሰለ ሙዝ ምላስ የሚይዘው ነገር፣ የለም ማለት ይቻላል። ያ ነገር ታኒን ይባላል። ከወይኑ ልጣጭ፣ ከዘሩና ከዘለላው ግንድ ነው የሚመጣው።

"ታዲያ እዚህ የት ሄደ?" አልኩት።

"ጓዳቸው ስትገቢ ታዪዋለሽ" አለኝ።

ቅዳሜ፣ ጳጉሜ 2

ጠዋት በመኪና ወጣን። መንገዱ የሶንን ወንዝ ይዞ ወደ ሰሜን ይሄዳል። በቀኝ ሜዳ፣ በግራ ኮረብታ። በደቡቡ በኩል ቤቶቹ ማር በሚመስል ቢጫ ድንጋይ የተሠሩ ናቸው። አካባቢውን የወርቃማ ድንጋዮች አገር ይሉታል። ወደ ሰሜን ስንጠጋ ድንጋዩ ግራጫና ሮዝ ሆነ። ግራናይት ነው። ይህ ለውጥ ለወይኑ ትልቅ ነገር ነው። በራሳቸው ስም የሚጠሩት አሥሩ ምርጥ የወይን አካባቢዎች ሁሉም በዚህ በሰሜኑ በኩል ናቸው። ሞርጎን፣ ፍለሪ፣ ሺሩብል፣ ብሩዪ እያለ ይቀጥላል። አሥረኛው ሬኚዬ በ1988 ነው የተጨመረው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ከእነዚህ ቦታዎች የሚመጣ ጠርሙስ ላይ ብዙ ጊዜ የአካባቢው ስም ብቻ ነው ጎልቶ የሚጻፈው። ስለዚህ ቦዦሌ እየጠጣ ቦዦሌ መሆኑን የማያውቅ ሰው ብዙ ነው።

መንገዳችን ላይ ሮማኔሽ ቶራን የሚባል መንደር አለ። ከመንደሩ በላይ አንድ አሮጌ የንፋስ ወፍጮ ቆሟል። "ሙላን አ ቫን" የሚባለው ወይን ጠጅ ስሙን ያገኘው ከዚህ ወፍጮ ነው። እኔን የያዘኝ ግን ወንድሜ የነገረኝ ሌላ ታሪክ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እዚህ መንደር ቤኗ ራክሌ የሚባል ሰው ይኖር ነበር። በዚያን ጊዜ ፒራል የምትባል የእሳት ራት ትሎች ወይኑን ይጨርሱት ነበር። ራክሌ አንድ ነገር አስተዋለ። ከቤቱ ግድግዳ ሥር፣ የወጥ ቤቱ ሙቅ እጣቢ በሚፈስበት ቦታ፣ አንዲት የወይን ተክል አለች። ትሉ እሷን አልነካትም። ስለዚህ በብርዱ ወራት፣ ተክሉ ተኝቶ ሳለ፣ ግንዱ ላይ የፈላ ውሃ ማፍሰስ ጀመረ። ትሉ ተደብቆ የሚከርመው እዚያ ነውና ያልቃል። ጎረቤቶቹ በመጀመሪያ አላመኑትም። በኋላ ዘዴው ወደ ሌሎች የወይን አገሮችም ተዳረሰ። ሰው ከእጣቢ ውሃ ይህን ያህል ነገር ሲያይ ደስ ይለኛል።

ፍለሪ የደረስነው ለምሳ ነው። ቤቱ ትልቅ አይደለም። ግቢው ውስጥ ትራክተር፣ የተደራረበ የፕላስቲክ ሳጥን፣ ገመድ ላይ የተሰጣ የሥራ ልብስ። በሩን የከፈቱልን አያትየው ናቸው። 86 ዓመታቸው ነው። ወንድሜን አገላብጠው ሳሙት። ከዚያ እኔን ረጅም ጊዜ አዩኝና "ዓይናችሁ አንድ ነው" አሉ። ሰው ሁሉ "ማዳም" ይላቸዋል። እኔ በልቤ "እማማ" አልኳቸው፤ እስክሄድም ከዚያ ሌላ አልወጣኝም።

ቤተሰቡ አራት ነው። እማማ፣ ልጃቸው፣ የልጃቸው ሚስት፣ እና ከተማ ውስጥ የነበራትን የቢሮ ሥራ ትታ የተመለሰችው የልጅ ልጅ። ያላቸው 9 ሄክታር ነው፤ እሱም በስድስት ቦታ የተበታተነ። ለምን እንደተበታተነ እማማ ምሳ ላይ ነገሩን። ባለቤታቸው፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ ሥራ ሲጀምሩ መሬቱ የሌላ ሰው ነበር። ባለመሬቱ መሬት ይሰጣል። ገበሬው ጉልበቱን ይሰጣል። ምርቱን ይካፈላሉ። በቦዦሌ ይህ አሠራር ለረጅም ዘመን የተለመደ ነበር። ወንድሜ ሲተረጉምልኝ ቃል አልቸገረውም። "የእኩል ነበር የሚያርሱት" አለኝ። ጎጃም ላደገ ሰው ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያስፈልግም።

ከእኩል አራሽነት የወጡት ቀስ በቀስ ነው። አንድ ዓመት ጥሩ ከሸጡ ቁራጭ መሬት ይገዛሉ። ከዚያ አምስት ዓመት ምንም የለም። ከዚያ ሌላ ቁራጭ። እማማ እያንዳንዷን ቁራጭ በተገዛችበት ዓመት ሳይሆን በዚያ ዓመት ቤት ውስጥ በሆነው ነገር ነው የሚጠሯት። "ልጄ ኩፍኝ የያዘው ዓመት" የተባለች አንዲት ቁልቁለት አለች።

እሑድ፣ ጳጉሜ 3

ሌሊቱን ሲዘንብ አደረ። ጠዋትም ማካፋቱን አልተወም። ወንድሜ በር ላይ ቆሞ እጁን ወደ ውጭ ዘረጋ።

"ሩፋኤል ነው እኮ" አለኝ።

ልጆች ሳለን ጳጉሜ 3 ዝናብ ሲጥል እናታችን ልብሳችንን አስወልቃ ግቢው ውስጥ ትለቀን ነበር። የዚያን ቀን ዝናብ ጠበል ነው። እኔም እጄን ዘረጋሁ፤ ፊቴን አበስኩበት።

ለወይን ገበሬ ግን የዚህ ሰሞን ዝናብ ሌላ ነገር ነው። የበሰለ ፍሬ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ ይሻግታል። ዘንድሮ ደግሞ ዝናቡ ከፈረንጆቹ ጸደይ ጀምሮ አልተወም። ሚልዲው የሚባለው የወይን በሽታ ብዙ ዘለላ ገና ጥሬ ሳለ አድርቆባቸዋል። አባትየው፣ የእማማ ልጅ፣ ቁርስ ላይ አልተናገሩም። ቡናቸውን በመስኮቱ ፊት ቆመው ጠጡ።

ከቁርስ በኋላ እማማ ኮታቸውን ለብሰው መጡ። ቀኑ ሴፕቴምበር 8 ነው። በካቶሊኮች ዘንድ የእመቤታችን ልደት ነው። እኛ ልደታን ግንቦት 1 ነው የምናከብር። ብሩዪ የሚባል ተራራ አለ፤ ከፍታው 484 ሜትር ነው። አናቱ ላይ "የወይኖቹ እመቤታችን" የምትባል ትንሽ ቤተ ጸሎት አለች። በዚህ ቀን ሰው ወደ እሷ ይወጣል።

ቤተ ጸሎቷ የተሠራችው በ1850ዎቹ ነው። በዚያን ጊዜ ዱቄት የተነፋበት የሚመስል ሻጋታ ወይኑን እያጠፋ ነበር። ገበሬዎቹ የሚያደርጉት ሲጠፋቸው ተራራ ላይ ቤተ ጸሎት ሠሩ። ለሻጋታው መድኃኒት የሆነው ድኝ ነው፤ ዛሬም ይረጩታል። ቤተ ጸሎቷም አለች፤ እማማ ሁለቱን አይለያዩም። ዳገቱን በዱላቸው እየተደገፉ ወጡ። እኔ ጃንጥላ ያዝኩላቸው። ውስጥ ገብተን ሻማ አበራን። ለልጃቸው፣ ለወይኑ፣ ከዚያ እኔን አሳይተው ለእናቴ አበሩ። እናቴን አይተዋት አያውቁም።

አየሩ ጥርት ሲል ከዚያ የአልፕስ ተራሮች ይታያሉ አሉኝ። ዛሬ የሚታየው ደመናና ከሥሩ አረንጓዴ መስመር ብቻ ነው። ቁልቁለቱ ሁሉ ወይን ነው።

ስንመለስ በሺሩብል በኩል ዞርን። ከአሥሩ አካባቢዎች ከፍ ብሎ የሚገኘው ይህ ነው። እዚያ የቪክቶር ፑሊያ ሐውልት አለ። የሻጋታው ዘመን ካለፈ በኋላ ደግሞ ፊሎክሴራ የምትባል ደቂቅ ነፍሳት ከአሜሪካ መጣች። ሥር እየበላች የፈረንሳይን ወይን ጨርሳው ነበር። የአሜሪካ ወይን ሥር ግን ይቋቋማታል። ፑሊያ የፈረንሳዩን ቅርንጫፍ በአሜሪካው ሥር ላይ እንትከል ብለው ከተከራከሩት ሰዎች አንዱ ነው። እንዲህ ነው የዳነው። ዛሬ በቦዦሌ የማየው ወይን ላዩ የዚህ አገር ነው፣ ሥሩ ግን ባሕር ማዶ ነው። ወንድሜ ይህን ሲነግረኝ ድምፁ ትንሽ ተለወጠ። እኔም ምንም አላልኩም።

ሰኞ፣ ጳጉሜ 4

ዝናቡ ቆመ። በእኛ አቆጣጠር ከአንድ ሰዓት ተኩል ጀምሮ ማሳ ላይ ነን።

18 ለቃሚ አለ። ተማሪዎች፣ ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት፣ ከፖላንድ በየዓመቱ የሚመጡ ወንድማማቾች፣ የእኔም ወንድም። የወይኑ ዓይነት ጋሜ ይባላል። ቀይ ቦዦሌ ሁሉ የሚሠራው ከዚህ ዓይነት ነው። ስሙን ስሰማ መጀመሪያ የመጣብኝ የልጆች ጸጉር ነው። ማሳው ውስጥ ስገባ ደግሞ በጣም ገረመኝ። ያረጁት ተክሎች በካስማ ወይም በሽቦ አልተደገፉም። ከጉልበት አይበልጡም። ሲገረዙ መሐላቸው ባዶ ይተውና ቅርንጫፎቹ ዙሪያውን ብቻ ይቆማሉ። አናቱ ተላጭቶ ዳር ዳሩን ጸጉር የተተወለት ሕፃን ማለት ነው። ለልጅቱ፣ ለእማማ የልጅ ልጅ፣ ስልኬ ላይ ጋሜ የተቆረጠች ሕፃን ፎቶ አሳየኋት። እየሳቀች ለአባቷ አሳየች፤ እሳቸውም ለፖላንዶቹ። እስከ ማታ ድረስ ስልኬ ከእጅ እጅ ሲዞር ዋለ።

ዝቅ ያለ ተክል ማለት ጎንበስ ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ። ግራ እጅ ዘለላውን ይይዛል፣ ቀኝ እጅ በመቀስ ይቆርጣል። የምጠብቀው ጥድፊያ ነበር። ልጅቱ ግን እየዞረች የምትለው ሌላ ነው፦ "አትወርውሩ፣ አትጭመቁ፣ ዘለላውን እንዳለ አስቀምጡ።" የደረቀውንና የሻገተውን ፍሬ እዚያው በመቀስ ጫፍ አውጥቶ መጣል አለ። ዘንድሮ የሚጣለው ብዙ ስለሆነ ሥራው ተንቀራፈፈ።

ማሽን የለም ወይ ብዬ ጠየቅኋት። አለ። ማሽኑ ግን ተክሉን እየነቀነቀ ፍሬውን ነው የሚያራግፈው። ፍሬው ይፈነዳል፤ ግንዱ ተክሉ ላይ ይቀራል። ለእነሱ ወይን ጠጅ ዘለላው ሙሉ፣ ፍሬው ያልፈነዳ መሆን አለበት። በፈረንሳይ አሁንም በአመዛኙ በእጅ ከሚለቀምባቸው ቦታዎች አንዱ ሻምፓኝ ነው፤ ሌላው ቦዦሌ። ቀላል የሚባለው ወይን ጠጅ ከውዱ ጋር በዚህ እኩል ነው።

አንድ ረድፍ ከወንድሜ ጎን ሆኜ ሞከርኩ። እሱ ዘለላውን ሳያየው ያገኘዋል። ቅጠሉ ሥር እጁ ይገባል፣ አንድ ድምፅ፣ ወጣ። ስለ ሥራው በስልክ ሲነግረኝ ሁልጊዜ "ቀላል ነው" ነበር የሚለው። የወገቡን ነገር አንድም ቀን አልነገረኝም።

ረፋድ ላይ ዳቦ፣ አይብና የደረቀ ቋሊማ መጣ። ከዚያ ጋር ያለፈው ዓመት ወይን ጠጅ፣ በተራ ብርጭቆ። ማንም አላወዛወዘውም፣ ማንም አላሸተተውም። ጠጡት። አንዱ ፖላንዳዊ "ኢትዮጵያ ወይን ይበቅላል ወይ?" ብሎ ጠየቀኝ። ጉደርን ነገርኩት። ዝዋይ ላይ ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ የወይን እርሻ እንዳለው፣ የመጀመሪያዎቹ የሪፍት ቫሊ ጠርሙሶችም በ2014 እንደወጡ ነገርኩት። ብዙ ሰው በእኛ አገር ቀይ ወይንን በኮካ እንደሚቀላቅለው ስናገር ልጅቱ አልሳቀችም። "ለምን ይመስልሻል?" አለችኝ። "ምላስ ስለሚይዝ" አልኳት። "ነገ ነይ" አለችኝ።

ማክሰኞ፣ ጳጉሜ 5

ጓዳው ከቤቱ ሥር ነው። ከመግባታችን በፊት አባትየው ሻማ ለኮሱ። እንደ እሑዱ ለጸሎት መስሎኝ ነበር። አይደለም። ወይን ሲፈላ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ይተኛል። ጋዙ የሞላበት ክፍል ውስጥ የገባ ሰው ሳይታወቀው ወድቆ ይሞታል። ሻማው ዝቅ ተደርጎ ይያዛል። ከጠፋ ወዲያው መውጣት ነው። አሁን መለኪያ መሣሪያ አላቸው። ሻማውን ግን አልተዉትም።

ግድግዳውን ተደግፈው የሲሚንቶ ጋኖች ቆመዋል። ዘለላው ከእነ ግንዱ፣ ሳይጨመቅ፣ ከላይ ይገባል። ጋኑ ሲሞላ የራሱ ክብደት ከታች ያለውን ፍሬ ይጨፈልቀዋል። ያ ጭማቂ በእርሾው መፍላት ይጀምርና ጋዝ ያወጣል። ጋዙ ጋኑን ሞልቶ አየሩን ያስወጣል። አሁን ከላይ ያለው ያልፈነዳ ፍሬ አየር አጥቷል። አየር ያጣ ፍሬ ደግሞ ከውስጡ፣ ልጣጩ ሳይቀደድ፣ በራሱ መፍላት ይጀምራል። ትንሽ አልኮል ይፈጠራል፣ ኮምጣጣነቱም ይቀንሳል። ቀለሙ ከልጣጩ ወደ ውስጥ ይገባል። ዘሩ ግን ሥጋው ውስጥ እንደታቀፈ ስለሚቆይ መራራውን ብዙም አይለቅም። የፍራፍሬው ሽታ የሚመጣው ከዚህ ነው፤ እንጆሪ፣ ቼሪ፣ አንዳንዴም ሙዝ። የቆይታው ጊዜም አጭር ነው። ለዚህ ለቀላሉ ወይን ስድስት ሰባት ቀን ይበቃል።

አርብ ማታ የጠየቅሁት መልስ ይህ ነው። ልስላሴው ከማነስ የመጣ አይደለም። ዘለላውን እንደ እንቁላል ተሸክመው ስለሚያመጡት ነው።

ልጅቱ አንድ ፍሬ ከጋኑ አፍ አንስታ ሰጠችኝ። ከውጭ ወይን ነው። አፌ ውስጥ ሲፈነዳ ግን እንደ አምቦ ውሃ ቆነጠጠኝ፣ ሽታውም የመጠጥ ሆነ። እንዲህ ያለ ነገር ቀምሼ አላውቅም።

በርሜሎቹ አጠገብ ያለ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠን አወራን። ጋሜ ብዙ ተንቋል። በ1395 የቡርጎኝ መስፍን ደፋሩ ፊሊፕ "እጅግ ክፉና ከዳተኛ ተክል" ብሎ ከግዛቱ እንዲነቀል አዋጅ አወጣ። የሚፈልገው ፒኖ ኗር የሚባለውን ነበር። ጋሜ ግን ብዙ ያፈራል፣ ቶሎ ይደርሳል፤ ድሃ ገበሬ ይወደዋል። ከቡርጎኝ ምርጥ መሬቶች ተባረረና እዚህ ግራናይቱ ላይ ቤቱን አገኘ። አባትየው ይህን አዋጅ የሚያወሩት ትናንት በጎረቤት እንደተሰደቡ ሰው ነው።

ሁለተኛው ጉዳት የመጣው ከስኬት ነው። ቦዦሌ ኑቮ የሚባል አለ። በዚያው ዓመት ተለቅሞ በዚያው ኅዳር የሚጠጣ። ከ1985 ጀምሮ በኖቬምበር ሦስተኛው ሐሙስ ይወጣል። በእኛ ቋንቋ ጉሽ ነው፤ አዲስ፣ ለደስታ የሚጠጣ። ዓለም ሁሉ ወደደው። ከዚያ ለሽያጭ ሲባል በጥድፊያ የተሠራ በዛ፤ ሰውም "ቦዦሌ ማለት ይህ ነው" ብሎ ተወው። አሥሩ አካባቢዎች ኑቮ አይሠሩም፤ ስሙ ግን እነሱንም ጎዳቸው። አባትየው የሚያስታውሱት ጠርሙሱን የሚገዛ ጠፍቶ ጓዳቸው የሞላበትን ዓመት ነው። ጎረቤቶቻቸው ወይናቸውን ነቅለዋል።

የተረፉት ሁለት ሰዎችን ያነሳሉ። ዡል ሾቬ በ1907 የተወለደ፣ እዚሁ አካባቢ የኖረ ወይን ነጋዴና የኬሚስትሪ ሰው ነበር። ፍሬው ውስጥ የሚሆነውን ይህን ፍላት በደንብ ካጠኑት ሰዎች አንዱ ነው። ጤናማ ፍሬ ካለህ ብዙ ኬሚካል አያስፈልግህም ይል ነበር። ሞርጎን ውስጥ ማርሴል ላፒዬር የቤተሰቡን እርሻ በ1973 ተረከበና ይህን መንገድ ተከተለ። በ2010 አረፈ። ዛሬ ልጆቹ ይሠሩበታል። "አንድ ሰው በደንብ ሲሠራ መንደሩ ያየዋል" አሉኝ አባትየው።

ከዚያ የራሳቸውን ከፈቱልኝ፤ የሁለት ዓመት ፍለሪ። ከመክፈታቸው በፊት ግማሽ ሰዓት ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጠውታል። 13 ዲግሪ አካባቢ ነው ደስ የሚለው አሉ። የአበባ ሽታ አለው። ከአርብ ማታው ትንሽ ጠለቅ ይላል። ሲዋጥ ግን ያው ልስላሴ። አንዱ ጠርሙስ ከበራቸው ላይ 14 ዩሮ ነው። ከአንድ ኪሎ በላይ ፍሬ፣ ትናንት ያየሁት ጎንበስ ቀና ሁሉ፣ 14 ዩሮ።

ልጅቱ ስለ ውርስ ነገረችኝ። በፈረንሳይ ሕግ እያንዳንዱ ልጅ ከወላጁ ውርስ የማይነካ ድርሻ አለው። ፍትሐዊ ነው። ግን 9 ሄክታር ለሦስት ቢከፈል ለማንም አይበቃም። አባቷ የሁለት እህቶቻቸውን ድርሻ በየዓመቱ እየከፈሉ የጨረሱት በቅርቡ ነው። ወንድምና እህቶቹ አልተጣሉም። ነገ ለመጭመቅ ይመጣሉ።

ረቡዕ፣ መስከረም 1

እንኳን አደረሰን። በእኛ አቆጣጠር 2017 ገባ።

ጠዋት እማማ ግቢው ውስጥ ከበቀለው ቢጫ አበባ ቆርጠው ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው አገኘሁ። ወንድሜ ነው የነገራቸው። አደይ አይደለም፤ ግን ቢጫ ነው። እኔ ቡና አፈላሁ። ጀበናውን ወንድሜ ከሊዮን ይዞት መጥቶ ነበር። እማማ ሦስተኛውንም ጠጡ።

ባለፈው ሐሙስ የሞላው የመጀመሪያው ጋን ዛሬ ይጨመቃል። አክስቶቹ መጡ፣ የአጎት ልጆች መጡ። ፍሬው ከጋኑ በሹካ እየወጣ መጭመቂያው ውስጥ ገባ። ከዚያ ሁሉም ዝም አለ። አባትየው ብርጭቆ አቀረቡና ከሚወርደው የመጀመሪያውን ቀዱ። ቀዩ ጭማቂ አረፋ አለው። ገና ግማሽ መንገድ ነው የፈላው፤ ስኳሩ አላለቀም። ይህን መጠጥ "ፓራዲ" ይሉታል፤ ገነት ማለት ነው። የመጀመሪያው ብርጭቆ ለእማማ ተሰጠ። ቀጥሎ ለእኔ።

ጣፈጠኝ። ጣፈጠኝና ወዲያው የእናቴ ጓዳ ትዝ አለኝ። ጌሾ ሳይገባበት፣ ለልጆች የሚቀዳው ብርዝ። ሽታው ሌላ ነው፤ ደስታው ግን አንድ ነው።

"እማዬ ጋ እንደውል" አልኩት ወንድሜን።

እናታችን ስልኩ ላይ ፊቷን አስጠግታ ታየችን። ነጭ ለብሳለች። እንኳን አደረሳችሁ ተባባልን፤ አለቀሰች፣ መረቀች። ከዚያ ከኋላችን ያለውን አየች።

"ምንድን ነው እሱ?"

"ወይን እየጠመቁ ነው እማዬ።"

እንባዋን ጠረገች። "ማሩን የት ያመጡታል?"

"ማር የለውም። ጣፋጩ ከፍሬው ነው።"

"ጌሾውስ?"

ወንድሜ ለአባትየው ተረጎመ። አባትየው እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው ወደ ስልኩ ቀረቡ። ጌሾ ምን እንደሚሠራ ጠየቁ። እናቴ ነገረቻቸው፦ ያፈላዋል፣ መረር ያደርገዋል፣ እንዳይበላሽ ይጠብቀዋል። አባትየው ራሳቸውን ነቀነቁ። በእነሱ ዘንድ ይህን ልጣጩና ግንዱ እንደሚሠራ፣ እርሾውም ፍሬው ላይ ተቀምጦ ከማሳ እንደሚመጣ መለሱላት።

"ስንት ቀን ሆነው?"

"ስድስት።"

"ገና ነዋ! ብርዝ ነው ያጠጧችሁ።"

ሲተረጎም እማማ ከወንበራቸው ሆነው ጮክ ብለው ሳቁ። ሟቹ ባለቤታቸውም በየዓመቱ "ገና ነው" እያሉ ሁለተኛ ይቀዱ እንደነበር ተናገሩ።

እናቴ ግን አልጨረሰችም። ስልኩን እንድናዞርላት ጠየቀች። ጋኖቹን አንድ በአንድ አየቻቸው።

"ጋኑን በምን ያጥኑታል?"

አባትየው በሙቅ ውሃ እንደሚያጥቡት ተናገሩ።

"አይታጠንም?" አለች እናቴ። ዝም ብላ ቆየች። "ንገራቸው፤ በወይራ ቢያጥኑት ሽታው ሌላ ነው የሚሆን።"

ወንድሜ ወይራን "ኦሊቪዬ" ብሎ ተረጎመው። የደቡብ ፈረንሳይ ሰዎች ዘይት የሚያወጡበት ዛፍ የእኛው ወይራ ዘመድ ነውና አባትየው ወዲያው ገባቸው። ጭሱ ጋኑ ውስጥ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ጠየቁ፤ ጋኑ እርጥብ መሆን እንዳለበትና እንደሌለበት ጠየቁ። እናቴ እጇን እያንቀሳቀሰች፣ ጋን የደፋች ያህል ጎንበስ ብላ አሳየቻቸው። ልጅቱ መጣችና ከአባቷ ትከሻ በላይ ሆና አየች።

በእያንዳንዱ ጋን በር ላይ ትንሽ ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅሏል። ፍሬው የገባበት ቀንና የማሳው ስም በጠመኔ ይጻፍበታል። አባትየው ባዶ ወደሆነው መጨረሻው ጋን ሄዱ። ጠመኔውን አነሱና "ኦሊቪዬ" ብለው ጻፉ። ከጎኑም የጥያቄ ምልክት አደረጉበት።